ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ዓይን

በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቅዳሜ ማታ፣ የካናዳ ሕዝብ እንደ ደብር ያየው በነበረው በሞንትሪያል ፎረም አዳራሽ፣ ተመልካቹ መቀመጫውን ሞልቶ የከተማውን ቡድን የካናዲየንስን ድል ሲጠባበቅ፣ ከእንግዳው ቡድን ከቦስተን ብሩይንስ ተጫዋቾች ጋራ አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ወጣት በረዶው ላይ ወጣ። ከአዳራሹ ውስጥ ጉድ ብሎ የተነሣ አልነበረም። ወጣቱ ዊሊ ኦሪ በኬቤክ ኤሴስ ቡድን ውስጥ ሆኖ በዚያው አዳራሽ ከዚህ ቀደም ስለ ተጫወተ፣ የሞንትሪያል ሰው መልኩንም ፍጥነቱንም አስቀድሞ ያውቃል። ብሩይንስ ያን ማታ 3 ለ 0 አሸንፎ ወጣ፤ ኦሪም ግብ ሳያገባ፣ ሳይጋጭ፣ ሳይቀጣ ጨዋታውን ፈጸመ። በብሔራዊው የሆኪ ማኅበር ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች መሆኑን ራሱ እንኳ ያወቀው በማግሥቱ ጋዜጣ ሲያነብ እንደ ሆነ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል።

ጋዜጦቹም ቢሆኑ ነገሩን ብዙ አላሰፉትም። ከዚያ ዕለት ዐሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ቤዝቦል ሊጫወት ሲገባ አሜሪካ በሙሉ ተናውጦ ነበርና፣ የዚህኛው በር እንዲህ በዝምታ መከፈቱ ያስገርማል። ይሁን እንጂ በዚያች ሌሊት በሜዳው ላይ ከቀለሙ ይልቅ የተሰወረ ሌላ ነገር ነበረ። በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ፣ የቦስተን አሠልጣኝ፣ ሐኪሙም ሳይቀር የማያውቁት ምሥጢር ይኸውም የወጣቱ ቀኝ ዓይን ከብርሃን የተለየ መሆኑ ነው።

የዚህን ምሥጢር ክብደት ለመረዳት ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የበረዶ ሆኪ ለአገራችን አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ ሊመስለው አይገባም፤ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ጥንግ እየመቱ የሚሯሯጡበትን የገና ጨዋታ ያየ ሰው፣ ሜዳው ወደ በረዶ፣ ጥንጉም ወደ ጠፍጣፋ ጎማ ቢለወጥ ምን እንደሚመስል በሐሳቡ ሊሥለው ይችላል። ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ስፋት ያህል ያለው፣ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ የበረዶ ንጣፍ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካዮች፣ አንድ የመሐል አጥቂና ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ፓክ የሚባለው ይህ ጠፍጣፋ ጎማ 170 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመጫወቱ በፊት ስለሚቀዘቅዝም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ብርቱ ክንድ የመታው እንደ ሆነ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በ1950ዎቹ ተጫዋቾቹ የራስ ቁር አያደርጉም ነበር፤ በረኞች እንኳ ፊታቸውን ገልጠው ነበር የሚቆሙት። የሞንትሪያሉ በረኛ ዣክ ፕላንት ጭንብል አጥልቆ መጫወት የጀመረው ፊቱ በፓክ ከተሰነጠቀ በኋላ በኖቬምበር 1959 ነው።

የማኅበሩም በር እጅግ ጠባብ ነበረ። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ ቡድኖቹ ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ቦስተን፣ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ሞንትሪያል፣ ኒው ዮርክና ቶሮንቶ። በካናዳ ምድር ያደገ ወንድ ልጅ ሁሉ የሚመኘው ሥፍራ ተደምሮ ከመቶ ሃያ ብዙም አይዘልልም ነበርና፣ ነጭ ሆኖ ሁለት ዓይን ላለው ሰው እንኳ መግባቱ እንደ ዕጣ ነበረ።

ዊሊ ኦሪ በኦክቶበር 15 ቀን 1935 የተወለደው በካናዳ ምሥራቅ፣ የኒው ብረንስዊክ ክፍለ አገር ርእሰ ከተማ በሆነችው በፍሬድሪክተን፣ በሴንት ጆን ወንዝ ዳር ነው። ከዐሥራ ሦስት ልጆች መጨረሻው እርሱ ነበር። የቀድሞ አባቶቹ ከአሜሪካ የባርነት ቀንበር አምልጠው ወደ ካናዳ የተሻገሩ ሲሆኑ፣ በልጅነቱ ዘመን በከተማው ከነበሩት ሁለት የጥቁር ቤተ ሰቦች አንዱ የእርሱ ነበረ። አባቱ የከተማው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ፣ ክረምት በገባ ጊዜ የጓሮውን መሬት በውሃ እያጠጣ ሌሊቱ እንዲያረጋው የሚተው፣ በማለዳም ልጆቹን በረዶው ላይ የሚያወጣ ሰው ነበር። ዊሊ በሦስት ዓመቱ መንሸራተት ጀመረ፤ በአምስት ዓመቱም ከቡድን ጋራ መጫወት። ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ ወደ ፊት የሚጠብቀውን ስላወቀ፣ ሳይራራ ከግድግዳው ጋራ እያጋጨ፣ ወድቆ መነሣትን አስተማረው። ይህን ጭካኔ የሚመስል ፍቅር ዊሊ በሽምግልናው ዘመን በምስጋና ሲያነሣው ይሰማል።

አንባቢ ግን ጥቁሮች ሆኪን የጀመሩት በኦሪ ነው ብሎ እንዳያስብ እሠጋለሁ። ብሔራዊው ማኅበር በ1917 ከመቋቋሙ ሃያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1895 በኖቫ ስኮሺያ በሃሊፋክስ፣ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች የጥቁሮች የሆኪ ማኅበር መሥርተው ነበር። የመሪዎቹ አሳብ ወጣቱ ከእሑድ ጸሎት እንዳይርቅ፣ በጨዋታው ምክንያት ወደ ቤተ መቅደስ እንዲሳብ፣ በዚያውም ሥነ ምግባርንና ራስን መግዛትን እንዲማር ነበረ፤ ተመልካቹም ነጭ ሳይቀር ይጎርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የቶሮንቶው ኸርብ ካርኔጊ ደግሞ፣ ከወንድሙ ከኦሲና ከኒው ብረንስዊክ ተወላጁ ከማኒ ማኪንታየር ጋራ ተሰልፎ በኬቤክ ሜዳዎች ስሙን የተከለ፣ በኬቤክ ኤሴስም ከታላቁ ከዣን ቤሊቮ ጋራ የተጫወተ፣ ቤሊቮ ራሱ አብዝቶ ያደነቀው የመሐል አጥቂ ነበር። በ1948 የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ሰዎች ጠርተው ፈትነውት፣ ከዋናው ቡድን በታች ባሉት ቡድኖች እንዲጀምር ቢጠይቁት፣ ዕድሜው ገፍቶ ልጆችም ወልዶ ነበርና በኬቤክ ከሚያገኘው ደመወዝ ያነሰውን አልቀበልም አለ። ከዚያ በኋላ የዋናው ማኅበር በር አልተከፈተለትም። ኦሪ በ1958 የተሻገረበትን ደፍ ካርኔጊ በትከሻው ገፍቶ አላልቶታል ብል እውነቱን መናገሬ ነው።

በ1949 ክረምቱ አልፎ የቤዝቦል ወቅት ሲደርስ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ዊሊ የሚጫወትበት የልጆች ቡድን አሸናፊ ሆኖ ሽልማቱ ኒው ዮርክን መጎብኘት ሆነ። ልጆቹም በብሩክሊን ሜዳ የዶጀርስን ጨዋታ ካዩ በኋላ ጃኪ ሮቢንሰንን እጅ ነሡ። ዊሊ ቤዝቦልም ሆኪም እንደሚጫወት ነገረው። ሮቢንሰን ሆኪ የሚጫወት ጥቁር መኖሩን አላውቅም ነበር ቢለው፣ ልጁ አንዳንድ እንዳሉ መለሰለት። በ1962 ሁለቱ በሎስ አንጀለስ በተደረገ የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበር ግብዣ ላይ እንደ ገና ሲገናኙ፣ ያን በብሩክሊን ያገኘውን ልጅ ሮቢንሰን አልረሳውም ነበር።

አሁን ወደ ዓይኑ ነገር እንመለስ። በ1955–56 የውድድር ዘመን ኦሪ በኦንታሪዮ ለኪችነር ወጣቶች ቡድን ሲጫወት፣ ከተቃራኒው ግብ ፊት ቆሞ ሳለ በብርቱ የተመታ ፓክ መጥቶ ፊቱን መታው። አፍንጫው ተሰበረ፤ የጉንጩ አጥንት ተሰነጠቀ፤ የቀኝ ዓይኑም ሬቲና ተጎድቶ ከብርሃኑ ዘጠና አምስት በመቶው ጠፋ። ሐኪሙ በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ቆሞ ከእንግዲህ ሆኪ መጫወት እንደማይችል ነገረው። ሐኪሙ የተናገረው በዕውቀት ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ልጅ ልብ ውስጥ ያለውን ሊመረምር የሚችል መሣሪያ አልነበረውም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ኦሪ እንደ ገና በረዶው ላይ ነበረ። ምሥጢሩንም ከጥቂት የቅርብ ሰዎቹ በቀር ለማንም አልገለጠም።

ጉዳቱ የሥፍራው ነገር ሲታሰብ ይበልጥ ይከብዳል። ኦሪ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር፤ የግራ ክንፍ ተጫዋች በግራው ግድግዳ ጥግ ጥግ ወደ ፊት ሲገሠግሥ፣ ግራው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሜዳው፣ መሐል አጥቂው፣ የሚቀበለው ፓክ፣ ሊጥለው የሚመጣው ተከላካይ ሁሉ ያሉት በቀኙ ነው። የኦሪ ጨለማ ደግሞ በዚያው በቀኙ በኩል ነበረ። ስለዚህ ፓኩን ለማየት ራሱን በቀኝ ትከሻው ላይ እስኪያልፍ አዙሮ በግራ ዓይኑ መፈለግ ነበረበት፤ ራሱን ባዞረ ጊዜ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም። መጀመሪያ ላይ ፓኩን አልፎት ይሄድ፣ ግቡንም ይስት ነበር። ኋላ ግን የማያየውን መቁጠር ትቶ በሚያየው መሥራት እንዳለበት ለራሱ እንደ ነገረው ያስታውሳል። በአገሩ በፍጥነቱ ከሚደነቁት አንዱ የሆነ ሰው ያን ሁሉ ፍጥነት በግማሽ ዓለም ውስጥ ይፈጽመው እንደ ነበር ሳስብ፣ ከጀግንነቱ አስቀድሞ የሚታየኝ አደጋው ነው።

የማኅበሩ ሕግ በአንድ ዓይኑ የማያይን ሰው እንዳይጫወት ይከለክል ነበር። ሕጉ የጭካኔ ሕግ አልነበረም፤ በአንድ ዓይን የቀረ ሰው ያችንም ቢያጣ ለዘላለም በጨለማ ይቀራልና፣ ለተጫዋቹ ከማዘን የተደነገገ ነው። ኦሪ ሕጉን ያለፈው የዓይን ምርመራ ማንም ስላልጠየቀው ነው። ይህን መሰወር አንዳንዱ ሰው እንደ ሐሰት ሊቈጥረው ይችል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልፈርድበትም፤ እውነቱን ቢናገር የሚጎዳው ራሱን ብቻ፣ ቢሰውረውም ለአደጋ የሚያጋልጠው ራሱን ብቻ ነበርና፣ ምርጫው ከኅሊናው ጋራ ብቻ የሚማከርበት ምርጫ ነበረ።

በ1956 ደግሞ ሌላ ትምህርት ገጠመው። በቤዝቦልም ጎበዝ ስለ ነበር የሚልዋኪ ብሬቭስ ሰዎች በጆርጂያ በምትገኘው በዌይክሮስ ወደ ነበረው የማሠልጠኛ ሠፈራቸው ጠሩት። በፍሬድሪክተን ስድብ አልሰማም ባይባልም፣ በጆርጂያ የገጠመው ግን በሕግ የጸና መለያየት ነበር፤ መጸዳጃው፣ ማደሪያው፣ ምግብ ቤቱ በቀለም ተከፍሎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከምርጫው ወጣና በአውቶቡስ ወደ አገሩ ተመለሰ። በደቡብ ሲሳፈር ከኋለኛው ወንበር ተቀመጠ፤ አውቶቡሱ ወደ ሰሜን በተጓዘ መጠን እርሱ አንድ አንድ ወንበር ወደ ፊት እየተሻገረ፣ የካናዳ ድንበር ሲቃረብ ከፊት ወንበር ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤዝቦልን ትቶ ለሆኪ ብቻ ለመኖር ቈረጠ።

በዚያው ዓመት የኬቤክ ኤሴስ አሠልጣኝ ፐንች ኢምላክ አስፈረመው፤ ኦሪም ደመወዝተኛ ተጫዋች ሆነ። ከቦስተን ጋራ በነበረው ስምምነት መሠረት ብሩይንስ ተጫዋች ሲጎድልበት ይጠራው ስለ ነበር፣ ከላይ ያልነው የሞንትሪያሉ ማታ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በ1958 የተጫወተው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ተመልሶ እስኪጠራ ድረስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ጠበቀ።

በ1960–61 የውድድር ዘመን 43 ጨዋታ ተጫወተ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1961፣ በአዲስ ዓመት ማታ፣ በቦስተን ጋርደን አዳራሽ ከካናዲየንስ ጋራ ሲጫወቱ የመጀመሪያ ግቡን አገባ፤ ብሩይንስም 3 ለ 2 አሸነፈ። የቦስተን ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲያጨበጭብለት፣ ኦሪ ፓኩን ከመረቡ ውስጥ አውጥቶ ለራሱ ማስታወሻ ያዘው።

በሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በሞንትሪያልና በቶሮንቶ ብዙ ክፉ ቃል አልሰማም፤ በዲትሮይት፣ በኒው ዮርክ፣ ይልቁንም በቺካጎ የሚደርስበት ስድብ ግን የከፋ ነበር። በቺካጎ አንድ ተጫዋች በዱላው አፉን መትቶ ሁለት የፊት ጥርሱን አወለቀው፤ አፍንጫውንም ሰበረው። ኦሪም በዱላው ራሱን መታው፤ ሁለቱ ወገኖች ተደባለቁ፤ እርሱም ከሜዳው ወጥቶ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀመጠ። ከአዳራሹ በሕይወት መውጣቱን እንደ ዕድል ይቈጥረው እንደ ነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ስለ ቀለሙ በተሰደበ ቁጥር እንዳልተጣላ፣ የተጣላው ሲመታ ብቻ እንደ ነበር ሲያስረዳም ቃሉ የታሰበበት ነው። ሪቻርድ ስድቡ በአንድ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ይውጣ ብሎ መክሮት ነበርና፣ ወጣቱ ምክሩን እንደ ዕለት ጸሎት ይዞት ነበር።

ያ ዘመን ሲፈጸም የቦስተን አለቆች በሚቀጥለው ዓመት እንደሚመለስ ነገሩት፤ እርሱም ይህን ደስታ ይዞ ወደ ፍሬድሪክተን ሄደ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ለሞንትሪያል ተሰጥተሃል የሚል መልእክት በስልክ መጣ። ሞንትሪያል በዚያ ዘመን በተከታታይ አምስት ዋንጫ ያነሣ፣ በከዋክብት የተሞላ ቡድን ስለ ነበር ለእርሱ ቦታ አልነበረውም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ምዕራቡ የሆኪ ማኅበር፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ብሌድስ ተላከ። በዋናው ማኅበር ያለው መዝገብ በዚያው ተዘጋ፤ 45 ጨዋታ፣ 4 ግብ፣ 10 ግብ የሆነ ፓክ ማቀበል።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ጨርሰው ወደ ኋለኛው ክብሩ ይዘልላሉ። እኔ ግን የኦሪን ማንነት የማየው ከዚህ በኋላ ባለው ዘመን ነው፤ ጋዜጣ በማይከተለው፣ ታላላቆቹ በማያዩት ሜዳ ላይ፣ በአንዲት ዓይን፣ ከዓመት ወደ ዓመት ሥራውን ሳያጎድል በሠራበት ዘመን። በሎስ አንጀለስ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ ክንፍ እንዲዛወር ተደረገ። ይህ ለሌላው ተጫዋች የሥፍራ ለውጥ ብቻ ነው፤ ለእርሱ ግን የብርሃን መመለስ ነበር። በቀኝ ክንፍ ሲሮጥ ግድግዳው በታወረው ዓይኑ በኩል፣ ሜዳው በሙሉ በሚያየው ዓይኑ በኩል ሆነለትና፣ አንገቱን መጠምዘዝ ቀረ። በ1964–65 38 ግብ አገባ፤ ወደ ሳን ዲዬጎ ጋልስ ከተዛወረም በኋላ በ1968–69 ያንኑ 38 ደገመው፤ በምዕራቡ ማኅበር ሁለት ጊዜ የግብ አግቢዎች ቀዳሚ ሆነ። እነዚህ ቍጥሮች የደካማ ተጫዋች ቍጥሮች አይደሉም።

በ1967 ብሔራዊው ማኅበር ከስድስት ወደ ዐሥራ ሁለት ቡድን ሲያድግ፣ አንዱ አዲስ ቡድን የተቋቋመው ኦሪ ስድስት ዓመት በተጫወተባት በሎስ አንጀለስ ነበር። ማንም አልጠራውም። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጉልበቱ ገና ሙሉ ነበር፤ እርሱ ግን ብሌድስ ስለ ፈረሰ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሳን ዲዬጎ ወረደ። ከእርሱ በኋላ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ማይክ ማርሰን ወደ ዋሺንግተን ካፒታልስ የገባው በ1974 ነው። ከኦሪ የመጨረሻ ጨዋታ እስከ ማርሰን የመጀመሪያ ጨዋታ ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። በሩ አንድ ጊዜ ስለ ተከፈተ ብቻ ተከፍቶ ይኖራል ብሎ ማመን ትልቅ ስሕተት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

ኦሪ ዱላውን ፈጽሞ ያስቀመጠው በ1979፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ በዚያችው በሳን ዲዬጎ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የተገኘውን ሥራ ሠራ፤ የግንባታ ሥራ፣ መኪና መሸጥ፣ በኋላም ሆቴል ዴል ኮሮናዶ በሚባለው ታላቅ የባሕር ዳር ሆቴል የጥበቃ ሠራተኛ ሆነ። በሆቴሉ የሚያልፉ እንግዶች ሰላምታ የሚሰጣቸው ጠባቂ ማን እንደ ነበር ስንቱ ያውቅ ነበር? በ1990ዎቹ ማብቂያ ማኅበሩ አስታውሶት፣ ድኾችና ጥቁሮች የሆኑ ልጆች ሆኪ የሚማሩበትን ሥራ እንዲመራ ሾመው፤ ስድሳ ዓመቱን ካለፈ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ለብዙ ሺህ ልጆች የመጀመሪያውን የመንሸራተቻ ጫማ ማሰሪያ ያሳየ እርሱ ነው።

ክብሩም ዘግይቶ፣ ነገር ግን ተከታትሎ መጣ። ፍሬድሪክተን በ2008 አዲሱን የበረዶ ሜዳ አዳራሿን በስሙ ጠራች፤ ካናዳ ከታላላቅ የሲቪል ኒሻኖቿ አንዱን ሰጠችው፤ በ2018 በሆኪ የዝና አዳራሽ ስሙ ተጻፈ። በጃንዋሪ 18 ቀን 2022፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ስድሳ አራተኛ ዓመት በደረሰበት ዕለት፣ ቦስተን 22 ቍጥር መለያውን ከአዳራሹ ጣሪያ ሰቀለች፤ ወረርሽኙ ስላገደው እርሱ ሥርዓቱን የተከታተለው በሳን ዲዬጎ ሆኖ ነበር። በዚያው ወር ማብቂያ የአሜሪካ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳሊያ እንዲሰጠው ያጸደቀው ሕግ ተፈረመ።

በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል። ሆኖም በዝና አዳራሹ የተጻፈው በተጫዋቾች ተራ ሳይሆን ጨዋታውን ባነጹ ሰዎች ተራ መሆኑ፣ ያ የምዕራቡ ማኅበር ድካሙ አሁንም በሚገባ እንዳልተመዘነ ያሳየኛል። በ2022 ኸርብ ካርኔጊም በዚሁ ተራ ስሙ ገባ፤ በሕይወት እያለ ብዙ ሰው ቢጠይቅለትም አልተፈቀደም ነበርና፣ በ2012 በዘጠና ሁለት ዓመቱ ካረፈ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር።